በቤት ውስጥ ለሚደረግ የምስል ጥሪ የሚያገለግሉ የአማርኛ ቃላት፤ ሂሳዊ አስተያየት

መግቢያ

አንድ አዲስ ዕቃ ወደ አንድ ኅብረተሰብ ሲገባ ወይ ስሙን ይዞ ይገባል፤ ወይ ከገባ በኋላ ስም ይወጣለታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የስያሜ ኮሚቴ ሳይሆን ገበያውና ተናጋሪው ነው። ስለሆነም የሙያ ቃላት ባለሙያ ሥራ በአብዛኛው ቀድሞ መፍጠር ሳይሆን፣ ተፈጥረው በሥራ ላይ የዋሉትን መርምሮ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ለምርመራ ያቀረብነው መስክ ጠባብ ነው። ይኸውም አንድ ቤተሰብ በአነስተኛ ዋጋ የተገዛ ካሜራ ከቤት ኮምፒዩተሩ ጋር አያይዞ፣ በሩቅ ካለ ዘመዱ ጋር እየተያየ ሲነጋገር የሚያስፈልጉትን ቃላት ይመለከታል።

መስኩ ጠባብ ይሁን እንጂ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ልጆቻቸው በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በሪያድ ወይም በዱባይ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች የልጃቸውን ፊት የሚያዩት በዚህ መንገድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መንገድ በዘጋበት ጊዜ ደግሞ ትምህርቱም፣ ስብሰባውም፣ ሐዘንተኛ ማጽናናቱም በካሜራ ፊት ሆነ። ካሜራውን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኘው አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ወጣቶች አንዱ ነው። ወጣቱ ወደ ጉዳዩ ሲሄድ እናት ከመሣሪያው ጋር ብቻዋን ትቀራለች። በዚያን ጊዜ የሚመራት በመስታወቱ ላይ የተጻፈው የአማርኛ ቃል ነው። ቃሉ ካልገባት ወይ ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች፤ ወይ ያልገባትን ነገር «እሺ» ብላ ትፈቅዳለች። የመጀመሪያው ራስን መቻልን፣ ሁለተኛው የቤትን ገመና ያስከፍላል። የቃላቱ ጉዳይ የቋንቋ ጌጥ ጉዳይ አይደለም የምንለውም ስለዚህ ነው።

ለሂስ የመረጥናቸው ቃላት በሦስት ቦታ የሚገኙ ናቸው፤ በፕሮግራሞች የአማርኛ ገጽታ ላይ፣ በመደብር ማስታወቂያ ላይና በተናጋሪው አፍ። የምንመዝናቸውም በሦስት መመዘኛ ነው። አንደኛ፣ ቃሉ የሚገልጸው ጽንሰ ሐሳቡን ነው ወይስ የባዕዱን ስም? ሁለተኛ፣ በቋንቋው ውስጥ ቀድሞ ቦታ ከያዘ ቃል ወይም ፍቺ ጋር ይጋጫል? ሦስተኛ፣ በትእዛዝ አንቀጽ በአፍ ሲነገር ይሠራል? ሦስተኛው መመዘኛ በመዝገበ ቃላት ሥራ ብዙ አይነሣም። በዚህ መስክ ግን ዋነኛው እሱ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱም የቤት ካሜራ መመሪያ በወረቀት የሚነበብ አይደለም፤ ከሩቅ አገር ያለ ልጅ በስልክ «እማዬ፣ ይህን ንኪው፣ ያንን ክፈቺው» እያለ በአፉ የሚያስተላልፈው ነው።

1. «ዌብካም»፣ «የድር ካሜራ»፣ «የኮምፒዩተር ካሜራ»

በመጀመሪያ የዕቃውን ስም እንመልከት። በገበያ «ዌብካም» ይባላል። ውሰት ቃል የሚያስነቅፍ ነገር የለውም። «ስልክ» ከዐረብኛ «ሽቦ» ማለት ከሆነ ቃል፣ «መኪና» ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ ዛሬ የአማርኛ ሀብት ናቸው። «ካሜራ» የሚለው ራሱ በላቲን «ክፍል» ወይም «እልፍኝ» ማለት ነው። ይህን ማወቅ ግን ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚጠቅመው ማንም የለም። የ«ዌብካም» ድክመት ባዕድነቱ ሳይሆን፣ ሁለተኛ ክፍሉ ከነባሩ «ካሜራ» የተቆረጠ መሆኑ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አለመታወቁ ነው። «ካም» ብቻውን በአማርኛ ካሜራን አያመለክትም።

ይህን ጉድለት ለማረም «የድር ካሜራ» ወይም «ድረ ካሜራ» የሚሉ ትርጉሞች ቀርበዋል። «ድር» ለመረቡ መጠሪያ ሆኖ «ድረ ገጽ» በሚለው ጥምር ውስጥ ተቀባይነት ማግኘቱ ይታወቃል። አመራረጡም የሚመሰገን ነው፤ የሸረሪትን ድርም የሸማኔን ድርና ማግም ያስታውሳልና። ይሁን እንጂ «የድር ካሜራ» የሚተረጉመው ዕቃውን ሳይሆን የእንግሊዝኛውን ስም ታሪክ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ የቡና ማፍያው ባዶ ሆኖ ሳለ በከንቱ ሄደው እንዳይደክሙ አንድ ካሜራ በማፍያው ላይ ደግነው ምስሉን በውስጥ መረባቸው ይመለከቱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1993 ምስሉ በዓለም አቀፉ ድር ላይ ወጣ። የካሜራው የ«ድር»ነት ስም የተያያዘው ከዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ጋር ነው፤ ማንም ሰው ድረ ገጽ ከፍቶ የሚያየው ካሜራ ማለት ነው። ያ የቡና ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2001 ተዘጋ። ስሙ ግን ከዓላማው ጋር ሳይቀየር ከኮምፒዩተር ጋር ለሚያያዝ ለማንኛውም ትንሽ ካሜራ ተረፈ።

እንግዲህ «የድር ካሜራ» ብለን ስንተረጉም፣ እናት ለልጇ የምታሳየውን ፊት ዓለም ሁሉ ከፍቶ ከሚያየው ድር ጋር እናዛምደዋለን። የቤት ጥሪ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ እንጂ በድር ላይ የሚሰጣ አይደለም። ቃሉ ያለ ምክንያት ያስፈራል፤ ወይም ያለ ምክንያት ያሳስታል። የሙያ ቃላት ጥናትን መሠረት ከጣሉት አንዱ ኦስትሪያዊው ኦይገን ቩስተር አጥብቀው ያስተማሩት ይህንኑ ነው፤ ስያሜ ከጽንሰ ሐሳብ ይነሣል እንጂ ከሌላ ቋንቋ ስያሜ አይነሣም።

ከአማርኛ የመተያየት ግሥ ተነሥቶ «መተያያ» ማለትስ አይቻልም ወይ የሚል ጥያቄ ሊቀርብ ይችላል። በእርግጥ «ተያየ» የሚለው ግሥ እርስ በርስነትን በአንድ ቃል ያስገኛል፤ ለዚህ ተግባር ከእንግሊዝኛው ይልቅ አማርኛው የታደለ ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን «መተያያ» የሚለው ስም ለአጠቃላይ ሥርዓቱ፣ ማለትም ለካሜራው፣ ለማያ ገጹ፣ ለመስመሩና ለፕሮግራሙ በአንድነት እንጂ ለካሜራው ብቻ አይስማማም። ካሜራው ያሳያል እንጂ አያይም፤ የሚታየው በማያ ገጹ ላይ ነው። በዚህ ላይ ካሜራው ከማያ ገጹ በላይ ስለሚቀመጥ፣ የልጁን ፊት የምትመለከት እናት ለልጁ የምትታየው ዓይኗን ሰበር አድርጋ ነው። ዓይን ለዓይን መግጠም ከፈለገች ፊቱን ትታ ካሜራውን ማየት አለባት። ስለዚህ «መተያያ» ዕቃው የማይፈጽመውን ነገር ተስፋ ይሰጣል።

«የኮምፒዩተር ካሜራ» የሚለው ገላጭ ስም ከተጠቀሱት ሁሉ ይሻላል። የሚጎድለው አንድ ልዩነት ነው፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተሠርቶ የመጣውን ካሜራና በሽቦ የሚሰካውን አይለይም። በአነስተኛ ዋጋ የሚገዛው ካሜራ ሁለተኛው ነው። ለዚህ «ተሰኪ ካሜራ» የሚለውን እናቀርባለን። «ሰካ» የሚለው ግሥ ለሶኬት፣ ለሽቦና ለመሰል ነገር በየቤቱ የሚሠራበት ነው። «ተሰኪ» የሚለው ቃል ቀደም ሲል ለድር አሳሾች ተጨማሪ ፕሮግራሞች ተሰጥቶ ነበር። ሆኖም ከእነዚያ መካከል በጣም የታወቀው ፍላሽ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ስለተቋረጠ፣ ቃሉ ከቀድሞ ሥራው በአብዛኛው ነፃ ወጥቷል። ወደ ዕቃ ቢመለስ ወደ መሠረታዊ ፍቺው መመለሱ ነው። «ተሰኪ» የሚለውን የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለን፤ እሱን በስድስተኛው ክፍል እናነሣዋለን።

2. «ርካሽ»፣ «ተመጣጣኝ» እና «ጥራት»

የመጀመሪያው በስፋት የተሸጠ የቤት ካሜራ፣ የኮኔክቲክስ ኩባንያ «ኩዊክካም»፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ዋጋው 100 ዶላር ያህል ነበር፤ ምስሉም ቀለም የሌለው ግራጫ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እየወረደ፣ ምስሉ እየተሻለ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ለእነዚህ ካሜራዎች የጋራ የግንኙነት ደንብ ከወጣ በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ እንደተሰኩ ይሠራሉ፤ የተለየ የመሣሪያ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም። «ነጂ» እየተባለ የሚተረጎመው ቃል በዚህ ምክንያት ከቤት ተጠቃሚ ዘንድ ሊቀር ችሏል። ቃል ከመፍጠር ይልቅ ቃሉን አላስፈላጊ ማድረግ የሚሻልበት ጊዜ መኖሩን ይህ ያስረዳል።

«ርካሽ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ገጽ አለው። «ረከሰ» ዋጋው ወረደ ማለት ነው፤ ክብሩን አጣ፣ ነውረኛ ሆነ ማለትም ነው። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ «ርካሽ ካሜራ» ብሎ አይጽፍም፤ «በተመጣጣኝ ዋጋ» ይላል። «ተመጣጣኝ» ግን ሁለት ነገሮች በሚዛን መስተካከላቸውን የሚገልጽ ቃል ነው። በማስታወቂያው ላይ ከዋጋው ጋር የሚመዛዘነው ነገር ሳይጠቀስ ስለሚቀር ቃሉ ባዶውን ቆሟል። ተርጓሚ እዚህ ላይ ከነጋዴው ቃል ርቆ «በአነስተኛ ዋጋ» ቢል ይበቃል፤ ቃሉ አይሰድብም፣ አይዋሽምም።

ከዚህ የከፋው «ጥራት» ነው። በአማርኛ ጽሑፎች «ጥራት» የሚለው ቃል ቢያንስ ለሦስት ነገሮች ይውላል፤ ለዕቃው መልካምነት፣ ለምስሉ ጥርት ማለትና ምስሉ ለተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት። ሦስቱ አንድ አይደሉም። 640 በ480 የሆነ ምስል 307,200 ነጥቦች አሉት፤ 1280 በ720 የሆነው 921,600፤ 1920 በ1080 የሆነው 2,073,600። በአነስተኛ ዋጋ በሚሸጡ አንዳንድ ካሜራዎች ሳጥን ላይ የሚታተመው የነጥብ ብዛት ግን ካሜራው በእርግጥ የሚቀበለው ሳይሆን፣ በነባር ነጥቦች መካከል በስሌት እየተገመተ የተጨመረው ነው። በስሌት የተጨመረ ነጥብ አዲስ ነገር አያሳይም። «ከፍተኛ ጥራት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሳያውቀው የዚህ ማጋነን ተባባሪ ይሆናል። «የነጥብ ብዛት» ቢባል ግን ገዢው «በካሜራው ነው ወይስ በስሌት?» ብሎ ለመጠየቅ ይችላል። ቃሉ ጥያቄውን ይወልዳል።

ደግሞም በቤት ጥሪ ምስሉ ጥርት እንዲል የሚያደርገው ከነጥብ ብዛት ይልቅ ብርሃን ነው። የርካሽ ካሜራ የብርሃን መቀበያ ትንሽ በመሆኑ ክፍሉ ሲጨልም እያንዳንዱን ምስል ለመቅረጽ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት በሰከንድ 30 ይሆን የነበረው የምስል ቁጥር ይቀንሳል፤ እንቅስቃሴውም እየተቆራረጠ ይታያል። መስመሩ ደካማ ሲሆን ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ምስሉን አሳንሶ ይልካል፤ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ የተከፈለበት ካሜራ ያን ጊዜ ጥቅሙ አይታይም። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አዲስ ቃል አይደለም። «ጀርባሽን ለመስኮቱ አትስጪ፤ ፊትሽን ወደ ብርሃኑ አዙሪ፤ ካሜራው ከዓይንሽ እኩል ይሁን» የሚሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። መመሪያ ጸሐፊዎች «የጀርባ ብርሃን ማካካሻ» የመሰሉ ስብስብ ቃላትን ከማከማቸት ይልቅ እንዲህ ቢጽፉ ይመረጣል።

3. «የቪዲዮ ጥሪ»፣ «ውይይት» እና «ጨዋታ»

ለድርጊቱ የተለመደው ስም «የቪዲዮ ጥሪ» ነው። «ጥሪ» በአማርኛ ከሁሉ በፊት የሠርግና የግብዣ ቃል ነው፤ ስልክን በተመለከተ የሚሠራበት ግሥ ደግሞ «ደወለ» ነው። ሰው «ልጄ በቪዲዮ ደወለልኝ» ይላል እንጂ «የቪዲዮ ጥሪ አደረገልኝ» አይልም። ቢሆንም «ጥሪ» እንደ ስም ማንንም አያሳስትም፤ ግሡን ለ«ደወለ» ትተን ስሙን ብንቀበለው ጉዳት የለውም። «ቪዲዮ» የሚለው ውሰትም በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሰዷል። «የምስል ጥሪ» የሚለው ለጽሑፍ ይስማማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀምንበትም እሱን ነው፤ በቃል ንግግር ግን አናስገድድም።

ከአንድ ጥሪ በኋላ ያለውን መጨዋወት «የቪዲዮ ውይይት» ማለት ግን የአማርኛን የቃላት ደረጃ መዘንጋት ነው። «ውይይት» አጀንዳ፣ ሰብሳቢና ቃለ ጉባኤ ያለው ነገር ነው። አያት የልጅ ልጇን አዲስ ጥርስ ስትመለከት ውይይት ላይ አይደለችም። ትክክለኛው የአማርኛ ቃል «ጨዋታ» ነው፤ «ስንጫወት አመሸን» ማለት በአማርኛ ስናወራ፣ ስንሳሳቅ አመሸን ማለት ነውና። ይሁን እንጂ «የቪዲዮ ጨዋታ» ብንል በኮምፒዩተር ከሚጫወቱት የልጆች ጨዋታ ጋር በግልጽ ይጋጫል። እዚህ ላይ ሁለተኛው መመዘኛችን የመጀመሪያውን ያሸንፋል። መፍትሔው ስሙን ትቶ ግሡን መያዝ ነው፤ «በቪዲዮ መጨዋወት»፣ «እየተያዩ መጨዋወት»። የስም ጥምር መሥራት ያለብን የእንግሊዝኛው ስም ስለሆነ ብቻ አይደለም። አማርኛ ድርጊትን በግሥ የሚናገር ቋንቋ ነው።

4. «ድምጸ ከል» እና የ«መዝጋት» ችግር

በፕሮግራሞች የአማርኛ ገጽታ ላይ ማይክሮፎንን ለጊዜው ከሥራ ማውጣት «ድምጸ ከል» ተብሏል። ይህ ስያሜ በሦስቱም መመዘኛ ይወድቃል።

ሀ. አመሠራረቱ። ሁለተኛው ክፍል ከ«ከለከለ» ወይም ከግእዙ «ከልአ» የተቆረጠ ይመስላል። ነገር ግን «ከል» በአማርኛ ራሱን የቻለ ቃል ነው፤ ጥቁር ማቅለሚያ፣ ከዚያም የሐዘን ልብስ ማለት ነው። «ከል ለበሰች» የሚለውን የሚያውቅ አድማጭ፣ ልጁን ሊያይ በተቀመጠበት ሰዓት ይህ ቃል ከፊቱ ሲደቀን የሚሰማው ሐዘን ነው።

ለ. ቅርጹ። «ልበ ሙሉ»፣ «እጀ ረጅም»፣ «ዓይነ ስውር»፣ «ድምፀ መረዋ» የሚሉት ጥምሮች ሁሉ የባለቤቱን ጠባይ ይገልጻሉ። «ድምጸ ከል» በዚህ ሥርዓት ሲነበብ «ድምፁ ከል የሆነ ሰው» ይሆናል እንጂ ድርጊትን አያመለክትም። በዚህም ምክንያት ግሥ ለማድረግ «ድምጸ ከል አድርግ»፣ ለመመለስ ደግሞ «ድምጸ ከል አንሣ» የሚሉ ተጨማሪ ድጋፎች ማስፈለጋቸው አልቀረም።

ሐ. አጻጻፉ። ቃሉ «ድምፅ» ነውና የጥምሩ መነሻ «ድምፀ» ሊሆን ይገባዋል። «ጸ» እና «ፀ» ዛሬ በንባብ ስለማይለዩ ይህ ከሦስቱ ቀላሉ ነው።

መተካት ያለበት መሆኑ ግልጽ ነው፤ በምን ይተካ የሚለው ግን ቀላል አይደለም። «ድምፅ ማጥፋት» ብንል፣ «ድምፁን አጥፍቶ ገባ» የሚለው ፈሊጥ በስውር መሄድን ስለሚገልጽ ወደዚያ ያዘነብላል። «ድምፅ ማፈን» የኃይል ጠረን አለው። «ድምፅሽ ተዘግቷል» ያልናት እናት ደግሞ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ የሰለለ መስሎን እንደሆነ ትረዳለች፤ «የለም፣ ደኅና ነኝ» ብላ ብትመልስ ትክክል ናት።

ችግሩ በሌላ በኩልም አለ። «ዝጊው» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ሲነገር በዚህ መስክ ሦስት ነገር ይሆናል፤ ማይክሮፎኑን፣ ካሜራውን ወይም ጥሪውን። «ስልክ ዘጋ» ለዘመናት ጥሪን ማቋረጥ ማለት ሆኖ ስለኖረ የሚያሸንፈው ሦስተኛው ነው። ልጁ ምስሉን እንድትዘጋ ሲነግራት ጥሪውን የምታቋርጥ እናት አልተሳሳተችም፤ አማርኛዋን በሚገባ ተከትላለች።

የምናቀርበው መፍትሔ ከሕዝቡ አፍ የተገኘ ነው። ሰዎች እርስ በርስ «ማይክህን ክፈት»፣ «ካሜራሽን ዝጊ» ይባባላሉ። እዚህ ላይ የሚሰየመው ድምፁ ሳይሆን ዕቃው ነው። ዕቃው ሁልጊዜ ከግሡ ጋር ከተጠራ፣ «ክፈት» እና «ዝጋ» የሚሉት ሁለት ነባር ግሦች ለማይክሮፎንና ለካሜራ በበቂ ያገለግላሉ። ጥሪን ለማብቃት ደግሞ «ጥሪውን ጨርስ» ቢባል ከሁለቱ ይለያል። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ስለተናገረው አማርኛው በአንድ ቃል የመናገር ግዴታ የለበትም። አንድ ለአንድ መመሳሰል የመዝገበ ቃላት ዓምድ ፍላጎት እንጂ የተናጋሪ ፍላጎት አይደለም።

በዚህ መስክ ከተሠሩት ቃላት መካከል የሚያስመሰግን እንዳለም ልንጠቅስ ይገባል። «ማያ ገጽ» ከ«አየ» የወጣ የመሣሪያ ስም ሆኖ፣ በግእዝ «ፊት» ማለት ከሆነው «ገጽ» ጋር የተጣመረ ነው። ፊት የሚታይበት ፊት ማለት ይሆናልና ለምስል ጥሪ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል። ብቸኛ ጉዳቱ «ገጽ» ለብዙ ነገር መዋሉ ነው፤ በቤት ንግግር «ስክሪን» እየተባለ መቀጠሉም አያስደንቅም።

5. ያልተሠራበት ነባር ቃል፤ «ማሚቶ»

ተናጋሪ የራሱን ድምፅ ተመልሶ ሲሰማ ለሚፈጠረው ነገር አንዳንድ ጽሑፎች «ኢኮ» ይላሉ። አማርኛ ግን «የገደል ማሚቶ» የሚል የታወቀ ቃል አለው። «ማሚቶ» ብሎ አሳጥሮ መውሰድ ይቻላል። ይሁን እንጂ ቃሉ ብቻውን አይበቃም፤ የምክንያቱን አቅጣጫም መንገር ያስፈልጋል። እናት የራሷን ድምፅ ተመልሶ ብትሰማ ጥፋቱ ያለው በልጁ ክፍል ነው፤ ከልጁ ድምፅ ማጉያ የወጣው የእሷ ቃል በልጁ ማይክሮፎን ገብቶ ይመለሳልና። ስለዚህ «ማሚቶ አለብሽ» ማለት ስሕተት ሲሆን፣ «ማሚቶው ከእኔ ነው» ማለት ይገባል። የጆሮ ማዳመጫ ማድረግ ያለበትም ልጁ ነው። «ገደሉ» የት እንዳለ የሚያሳይ ሥዕል በቃሉ ውስጥ አለ፤ ከጮኸው ሰው ዘንድ ሳይሆን ከማዶ ነው። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የሚሆን ውሰት ቃል የለም።

6. «መዳረሻ»፣ ፈቃድና አክብሮት

ወደ ከባዱ ጉዳይ ደርሰናል። አንድ ፕሮግራም ካሜራውን ከመጠቀሙ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል። በአማርኛ ገጽታዎች ላይ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «የካሜራ መዳረሻ» በሚል ቃል ይቀርባል። «መዳረሻ» በአማርኛ የጉዞ ፍጻሜ ወይም መድረሻ ነው፤ አየር መንገድ ስለ በረራ መዳረሻዎቹ ይናገራል። «የካሜራ መዳረሻ ይፍቀዱ» የሚለውን ያነበበ ሰው ካሜራው ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቃሉ የእንግሊዝኛውን «መድረስ» የሚል ፍቺ ይዞ፣ የማየትን ተግባር ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቶታል። ማን ያያል? ምን ያያል? እስከ መቼ? ሦስቱም አልተነገሩም።

ፈቃድ በሕግም በባህልም የሚጸናው ፈቃጁ የፈቀደውን ሲያውቅ ነው። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ነገር ግን አማርኛ ባልሆነ ቃል የተጠየቀ ፈቃድ የይስሙላ ነው። «ይህ ፕሮግራም በካሜራዎ ቤትዎን እንዲያይ ይፈቅዳሉ?» የሚለው ዓረፍተ ነገር ረዝሟል የሚል ካለ፣ ርዝመቱ የእውነቱ ዋጋ ነው እንላለን።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የአንቀጹ ጾታና ማዕርግ ነው። «ፍቀድ»፣ «ዝጋ»፣ «አጋራ» የሚሉት በነጠላ ወንድ የተነገሩ ትእዛዞች ናቸው። የ70 ዓመት እናት በቤቷ ውስጥ መሣሪያ እንደ ጎረምሳ ሲያዛት ቃሉ ከመከበር በፊት ይደናገራል፤ «ይህ ለእኔ አይደለም፣ ለልጁ ነው» ትላለችና። ሁለት መንገድ አለ። ጥያቄ ሲሆን በአንቱታ «ይፈቅዳሉ?» ማለት፤ አዝራር ሲሆን በንዑስ አንቀጽ «መፍቀድ»፣ «መዝጋት» ማለት። ንዑስ አንቀጽ ጾታም ማዕርግም የለውምና ለሁሉም እኩል ያገለግላል።

በመጨረሻም ወደ «ተሰኪ ካሜራ» እንመለስ። ካሜራን በፕሮግራም መዝጋት አንድ ነገር ነው፤ መክደን ሌላ ነው፤ መንቀል ሦስተኛ ነው። ብዙ ካሜራዎች ሲሠሩ የምትበራ ትንሽ መብራት አለቻቸው። ይሁን እንጂ መብራቷ በሁሉም ላይ አትገኝም፤ ብትኖርም ብቸኛ መተማመኛ ልትሆን አይገባም። ክዳን ያለው ካሜራ ይከደናል። ሽቦው የተነቀለ ካሜራ ግን በምንም ፕሮግራም አያይም። በአነስተኛ ዋጋ የሚገዛው ካሜራ ከውድ ኮምፒዩተር ጋር ተሠርቶ ከመጣው የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። «ተሰኪ» የሚለው ስም ይህን መብት በውስጡ ይዟል፤ የሚሰካ ነገር እንደሚነቀል ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሳይነገረው ያውቃልና። «የድር ካሜራ» የሚለው ስም ለተጠቃሚዋ ይህን አይነግራትም።

ማጠቃለያ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

ሀ. ለዕቃው በወል «የኮምፒዩተር ካሜራ»፣ በሽቦ ለሚያያዘው «ተሰኪ ካሜራ»፤ «የድር ካሜራ» ይቅር።

ለ. ለዋጋው «በአነስተኛ ዋጋ»፤ «ጥራት» የሚለው ለጥርት ማለትና ለመልካምነት ተትቶ፣ ለቁጥሩ «የነጥብ ብዛት»።

ሐ. ለድርጊቱ በጽሑፍ «የምስል ጥሪ»፣ በንግግር «በቪዲዮ መደወል»ና «በቪዲዮ መጨዋወት»።

መ. «ድምጸ ከል» ቀርቶ «ማይክሮፎን መዝጋት» እና «ማይክሮፎን መክፈት»፤ ለካሜራም እንዲሁ፤ ለጥሪው «ጥሪ መጨረስ»።

ሠ. ለሚመለስ ድምፅ «ማሚቶ»።

ረ. «የካሜራ መዳረሻ» ቀርቶ፣ የሚያየውንና የሚታየውን የሚጠቅስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአንቱታ።

ከእነዚህ መካከል አዲስ ፍጥር የሚባል ቃል የለም ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው ሕዝቡ የሚናገረውን ወደ ጽሑፍ የመመለስ ሥራ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው ካሜራው በውስጡ ባለ ስልክ ስለሚደውል «ተሰኪ ካሜራ» የሚለው ስም ከጊዜ በኋላ ላያስፈልግ ይችላል። የፈቃዱ ጥያቄና የ«ዝጊው» አሻሚነት ግን በስልኩም ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ስለዚህ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገባው ለተራ መ እና ለተራ ረ ነው። ተርጓሚዎች አንድን ቃል ከማጽደቃቸው በፊት በስልክ ለአንዲት እናት በትእዛዝ አንቀጽ ተናግረው እንዲፈትኑት እናሳስባለን። ቃሉን ሰምታ እጇ ወደ ትክክለኛው ቦታ ከሄደ፣ ስያሜው ጸድቋል።